ሙዚቃ፣ ተውኔትና ውዝዋዜ በአንድ ምሽት፦ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የመድረክ ዝግጅት እንዴት ይሰናዳል?

ከዓመታት በፊት በአንድ የተማሪዎች ምሽት ላይ አንድ ጎበዝ የክራር ተጫዋች ትዝታ ተጫውቶ ጨረሰ። ቀጥሎ የተጻፈለት አንቺ ሆዬ ነበር፤ ቅኝቱ፣ ማለትም የድምፆቹ አሰላለፍ፣ ከትዝታ የተለየ ነው። ሰው በሞላበት አዳራሽ ፊት ጎንበስ ብሎ ክሮቹን ማጥበቅና ማላላት ጀመረ። ተመልካቹ መጀመሪያ በትዕግሥት ጠበቀ፤ ከዚያ ወሬ ተነሣ፤ በመጨረሻም ከኋላ ወንበሮች ጭብጨባ መጣ። ልጁ በላብ ተጠምቆ ሲጀምር ክራሩ ገና አልተቃኘም ነበር። መርሐ ግብሩን የጻፍነው እኛ አዘጋጆቹ ነን። ይህን መመሪያ የማቀርበው ሌላ ተማሪ እንዲህ ያለ ፈተና ላይ እንዳይወድቅ ነው።

1. አዳራሹን ባዶውን እዩት

ምንም ነገር ከመወሰናችሁ በፊት አንዳችሁ መድረኩ ላይ ቆማችሁ ያለ ማይክሮፎን ተናገሩ፤ ሌላው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያድምጥ። ቃሉ ጥርት ብሎ ከደረሰ ለተውኔቱ ማይክሮፎን አያስፈልግም። አዳራሹ ሲሞላ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ እንደሚውጥ ግን አስቡ።

የመድረኩን ስፋትና ጥልቀት በሜትር ለኩ። ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የጉራጌ ጭፈራ በፈጣን የእግር ምት የሚሄድ ስለሆነ ብቅ ያለ ምስማርም ሆነ የሚንሸራተት ምንጣፍ እግር ይሰብራል። እስክስታ ኃይሉ ትከሻና ደረት ላይ በመሆኑ ጠበብ ባለ ቦታም ይሆናል። ከበሮ መቺዎች እየመቱ በክብ የሚዞሩበት የትግራይ ጭፈራ ግን ሰፊ መሬት ይፈልጋል። መድረኩ ካልበቃ የጨፋሪዎቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ክቡን ወደ ሰልፍ አትለውጡት። ክቡ ከተሰበረ ጭፈራው ሌላ ነገር ይሆናል።

2. ሥራዎቹን ምረጡ፤ ፈቃድም ጠይቁ

ለሙሉ ምሽቱ 90 ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ለአንድ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት፣ የቀረው ለሙዚቃና ለውዝዋዜ ይሁን። የሌላ ሰው ተውኔት ወይም ዜማ የምታቀርቡ ከሆነ የባለመብቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። «ለትምህርት ነው» ብሎ ማለፍ ለደራሲው ክብር አይደለም።

3. መርሐ ግብሩን በቅኝት አሰልፉ

የምሽቱ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ዋነኞቹ ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፤ ትዝታ ደግሞ ሙሉና ግማሽ ተብሎ ይከፈላል።

መሣሪያዎቻችንን አንድ ላይ ማሰለፍ ቀድሞም ያስጨነቀ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን የባህል ሙዚቃ ቡድን ሲመሠርቱ፣ በየአካባቢው ለየብቻ ይደመጡ የነበሩትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ ማስማማት ነበረባቸው። ዛሬም ያው ሥራ ይጠብቃችኋል።

ከዋሽንት ጀምሩ። ቀዳዳው አንዴ ከተበጀ ድምፁ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዋሽንተኞች ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዘው ይመጣሉ። ለየዜማው የትኛው እንደሚነፋ ተወስኖ ክራሩና ማሲንቆው ወደ እርሱ ይቃኙ። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ቅኝቱን የሚፈጥረው ጣት ስለሆነ ከቅኝት ወደ ቅኝት መሻገር አያስቸግረውም። ክራር ግን ስድስት ክሮቹ በአምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ላይ የተወጠሩ ናቸው፤ ቅኝት ሲለወጥ የክሮቹም ውጥረት መለወጥ አለበት። መነሻው ድምፅ ሳይነካ ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ሁለት ድምፅ ይለወጣል። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬም እንዲሁ ሁለት ነው። ከሙሉ ትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ግን ሦስት ነው፤ ያ ተማሪ የወደቀበት ጉድጓድ ይህ ነበር።

ስለዚህ ዜማዎቹን በቅኝታቸው ሰብስቡ፦ ትዝታዎቹ ከትዝታ፣ አምባሰሉ ከአንቺ ሆዬ አጠገብ። ባቲን ከተውኔቱ በኋላ ብታደርጉት ተጫዋቹ ከመጋረጃ ጀርባ በጸጥታ ይቃኛል። ሁለት ክራር ካገኛችሁ ደግሞ አንዱን ቀድማችሁ በሚቀጥለው ቅኝት ቃኙት። እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ያለ ሁለተኛ ክራር መርሐ ግብር ጽፌ አላውቅም።

በገናን ከዚህ ሁሉ ለዩት። አሥሩ ክሮቹ በእንዝራው፣ ማለትም ከየክሩ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ላይ እየነዘሩ የሚያወጡት ዝቅ ያለ ድምፅ ከከበሮ ጋር ይሰጥማል። ለጸሎትና ለጾም የኖረ መሣሪያ ነውና የጭፈራ ማድመቂያ ማድረጉም አይገባም። ምሽቱን ይክፈት፤ በሮች ተዘግተው፣ መብራት ቀዝቅዞ፣ ማይክሮፎኑ ከበገናው የድምፅ ሳጥን ፊት ቀረብ ብሎ፣ ድምፅ ማጉያው ግን ዝቅ ብሎ።

4. ውዝዋዜውን ከባለቤቱ ተማሩ

ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ቦታ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፦ የወሎ፣ የጎጃም፣ የወላይታ፣ የሐረርጌ ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ውዝዋዜን ከቪዲዮ ከመቅዳት ይልቅ ሠርግ ላይ እየጨፈረ ያደገውን ተማሪ ጥሩት። እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚጨፈር፣ ልብሱ እንዴት እንደሚታሰር እርሱ ያሳያችኋል። ልምምዱንም ቢያንስ የመጨረሻውን ሳምንት በሰው በሚመታ ከበሮ አድርጉት። ከበሮ መቺው የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ነው የሚያፋጥነው፤ የተቀዳ ሙዚቃ ይህን አያውቅም።

5. ክፍተቶቹን ሙሉ

ወንበርና አልጋ ሲገባና ሲወጣ መጋረጃው ይዘጋል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ ግጥም ያንብብ። የኮሌጅ ቀን በተባለው የተማሪዎች በዓል ላይ የግጥም ንባብ በ1950ዎቹ ሰውን ይስብ ነበር፤ ግጥም በዩኒቨርሲቲ መድረክ እንግዳ አይደለም። ንባቡ ዕቃ ማዘዋወሩ ከሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ይርዘም፤ ልምምድ ላይ በሰዓት ለኩት።

6. የዋዜማውና የዕለቱ ሥራ

በዋዜማው ሁሉም ልብሱን ለብሶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይሠራ። መግቢያና መውጫን የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ይኑር፤ ሁለት አዛዥ ካለ ሁለት ተዋናይ በአንድ በር ይጋጫል።

በዕለቱ ከበሮዎቹን ቀትር ላይ ለፀሐይ ስጧቸው። በእርጥበት የላላ ቆዳ ድምፁ ይሞታል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ክራሩን የመድረኩ መብራት በርቶ ከሞቀ በኋላ ደግማችሁ ቃኙት፤ ክር ሙቀት ይሰማዋል። ለማሲንቆው ደጋን የሚቀባው ዕጣን ኪስ ውስጥ ይኑር።

ከ11 ሰዓት ተኩል እንዲጀመር አድርጉ። 1 ሰዓት ላይ ካለቀ ከከተማ የመጣውም ታክሲ ሳያጣ ቤቱ ይገባል። የዘገየ ተመልካች በተውኔቱ መካከል አይግባ፤ በዜማና በዜማ መካከል ግን በደስታ አስገቡት።

ሲያበቃ የማሲንቆውን ክር አላልታችሁ መሣሪያዎቹን ለባለቤቶቹ መልሱ፤ የተዋሳችሁትን የሐበሻ ልብስ አሳጥባችሁ አስረክቡ። የየዜማውን ቅኝት፣ የትኛው ዋሽንት እንደተነፋና እያንዳንዱ ሽግግር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በአንድ ደብተር ጽፋችሁ ለዩኒቨርሲቲያችሁ የባህል ማዕከል ተዉለት፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ከዚያ ይጀምራሉ።