በማኅበራዊ የስፖርትና የመዝናኛ ተቋማት የአባላት ደህንነትና ተጠያቂነት፦ ችግርና መፍትሔ

የስፖርትና የመዝናኛ ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ተቀጣሪዎችና በብዙ በጎ ፈቃደኞች ስለሆነ፣ አደጋ ሲደርስ ማን ምን ማድረግ ነበረበት ለሚለው ጥያቄ በቀላሉ መልስ አይገኝም። ከዚህ በታች የቀረቡት ችግሮች መልካቸው ቢለያይም፣ በአብዛኛው የሚነሱት በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈውና በየዕለቱ የሚሠራው ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው።

አባሉ የኃላፊነት መልቀቂያ ቅጽ ፈርሞ ሳለ ማኅበሩ ተከሰሰ

መንስኤው ቅጹ ከሚችለው በላይ መታመኑ ነው። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ፊርማ ከባድ ቸልተኝነትን ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትን አይሸፍንም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሕግ ደግሞ በንግድ ሥራ ላይ ያለ ተቋም በቸልተኝነት ላደረሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ኃላፊነት በውል እንዳያስቀር ይከለክላል። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወላጅ መፈረሙም ልጁ በራሱ ስም ካሣ የመጠየቅ መብቱን በብዙ ቦታ አያጠፋበትም።

መፍትሔው ቅጹን መተው ሳይሆን በልኩ መጠቀም ነው። ቅጹ ከአባልነት ማመልከቻው ተለይቶ ይዘጋጅ፤ «ማንኛውም ጉዳት ቢደርስ» በሚል ጥቅል ሐረግ ፈንታ የዚያን እንቅስቃሴ አደጋዎች በስማቸው ይዘርዝር፤ አባሉም ከመፈረሙ በፊት አንብቦ የሚጠይቅበት ጊዜ ይሰጠው። እንዲህ የተዘጋጀ ቅጽ አባሉ ስለ አደጋው አስቀድሞ እንደተነገረው ያስረዳል፤ ወለሉን ግን አያደርቅም፣ የላላውንም ብሎን አያጠብቅም።

በአንድ ቦታ ሰዎች ደጋግመው ይጎዳሉ፣ የአደጋ መዝገቡ ግን ባዶ ነው

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ተንቀሳቃሽ የጎል ብረትን እንውሰድ። ብረቱ እንዳይወድቅ ከኋላው በአሸዋ ከረጢት ተይዟል፤ ሣር የሚያጭደው ሠራተኛ ከረጢቶቹን ያነሳና ሳይመልሳቸው ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ልጅ አግዳሚው ላይ ሲንጠለጠል ብረቱ ወደፊት ያዘነብላል። ልጁ ለጥቂት ከተረፈ አሠልጣኙ ብረቱን አቃንቶ ልምምዱን ይቀጥላል፤ ያየውንም ለማንም አይናገርም። ተንቀሳቃሽ የጎል ብረት ወድቆባቸው የሞቱ ሕፃናት እንዳሉ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም።

ዝምታውን የሚያመጣው ወቀሳን መፍራት፣ የመዝገብ ኃላፊ አለመመደቡና ወሬው በስልክ የመልእክት ቡድን ውስጥ ተንሳፍፎ መቅረቱ ነው። አንዳንድ የቦርድ አባላት ደግሞ ያልተጻፈ ነገር ማስረጃ አይሆንብንም ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤት የሚመረምረው ማኅበሩ ምን እንዳወቀ ብቻ ሳይሆን ምን ማወቅ ይገባው እንደነበርም ጭምር ነው።

ስለዚህ መዝገቡ አንድ ይሁን፤ ለጥቂት የታለፈ አደጋም በዚያው ዕለት ይጻፍበት። ጸሐፊው ያየውን እንጂ የገመተውን አይጻፍ፦ «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» ከማለት ይልቅ «ከኋላው ከረጢት አልነበረም» ይበል። ዕቃው እስኪጠገን ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ይሁን፤ ከጥገናው በኋላም ያስተካከለው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም።

የነፍስ አድን መሣሪያው አለ፣ ግን በሰዓቱ አልደረሰም

ብዙውን ጊዜ የልብ ማስነሻ መሣሪያው፣ ማለትም ዲፊብሪሌተሩ፣ ቢሮ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ ማታ አይገኝም። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ደረቱ በተደጋጋሚ ካልተጫነ፣ መሣሪያው በዘገየበት በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። መሣሪያው ማንም በሚደርስበት ግልጽ ቦታ ይቀመጥ፤ የባትሪውና የደረት ልጣፎቹ የአገልግሎት ጊዜ በየወሩ ይታይ። ልምምዱ የማታውን ፈረቃ ያካትት፦ ለአዋቂ ሰው ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን፣ እንዲሁም ለአምቡላንስ በር የሚከፍተው ማን እንደሆነ መለየት።

ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወደ ሜዳ ተመለሰ

ውሳኔው ማሸነፍ ለሚፈልግ ሰው ስለተተወ ነው። የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ተጫዋች በዚያው ቀን አይጫወትም፤ የሚመለሰውም በሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ይህ በደንቡ ከተጻፈ አሠልጣኙም ከተጫዋቹም ሆነ ከወላጁ ጋር አይከራከርም።

መድን ሰጪው ካሣ አልከፍልም አለ

የመድን ውሉ ሲገዛ ያልነበረ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ የግድግዳ መውጣት ወይም የጉዞ ፕሮግራም፣ በኋላ ተጨምሮ ለመድን ሰጪው ሳይነገረው ቀርቷል፤ ወይም ሽፋኑ በጎ ፈቃደኞችን አያካትትም፤ ወይም አደጋው የተነገረው ክሱ ከመጣ በኋላ ነው። በየዓመቱ ከእድሳት በፊት የእንቅስቃሴዎቹን ሙሉ ዝርዝር በጽሑፍ አቅርቦ፣ እያንዳንዱ መሸፈኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አደጋ ሲደርስም ካሣ የጠየቀ ባይኖር እንኳ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል።

ብዙ ማኅበራት ክስን ፈርተው ከተጎጂው ይርቃሉ፤ ይህም ቤተሰቡን ያስቆጣል። ስለ ጥፋተኝነት ከመድን ሰጪውና ከጠበቃ ጋር ሳይመከር ምንም ማለት አይገባም፤ ሆኖም በማግሥቱ ደውሎ እንዴት አደረ ብሎ መጠየቅ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ የሚደውለውም ሰው አስቀድሞ ሊመደብ ይገባል።