ለእናት ለአባት የመታሰቢያ ግጥም እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ ለእህት ወንድም፣ ለአክስትና ለአጎት ደውሉ። ሙገሳ አትጠይቁ፤ ዕቃ፣ ድምፅ፣ ሽታ ጠይቁ። አባት ጋቢውን እንዴት ነበር የሚደርበው? እናት ቡና ስትቆላ ምን ታንጎራጉር ነበር? ሲቆጡ ማንን በምን ስም ይጠሩ ነበር? 15 ያህል ከተሰበሰበ በኋላ 3 ወይም 4 ብቻ አስቀሩ። «ደግ ነበረች» የሚለውን ጎረቤትም ይለዋል።

ለጀማሪ የሚመቸው ምጣኔ የወል ቤት ነው፦ በአንድ ስንኝ 12 ቀለም (በአፍ ሲነገር አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ)፣ መሃል ላይ ለሁለት ሐረግ ተከፍሎ 6 እና 6። ለምሳሌ፦

እናቴ ምጣዱን / በጎመን ዘር አስሳ፣
ጭሱ ቀድሟት መጥቶ / ይለኛል ተነሳ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። «በጎመን ዘር» በጽሑፍ 6 ፊደል ነው፤ በአፍ ግን በ–ጎ–መን–ዘር፣ 4 ቀለም። ሳድሱ «ን» እና «ር» ከቀደማቸው ፊደል ጋር ተጣብቀዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ትታችሁ እያጨበጨባችሁ ቁጠሩ። ሐረጉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቃል ለሁለት ከተሰነጠቀ ንባቡ ይሰናከላል፤ ቃሉን ቀይሩት።

አንተ ወይስ አንቱ? ከመጀመሪያው ወስኑ። በኋላ ላስተካክል ብትሉ «ቀድሟት» (2 ቀለም) «ቀድሟቸው» (3) ይሆንና ሐረጉ ወደ 7 ያልፋል።

ቤት መምታቱ የመጨረሻው ፊደል መግጠም ነው፤ ከላይ «ሳ» ከ«ሳ»። «ሠራች፣ መጣች፣ አለች» እያሉ በግስ መድረሻ ብቻ መግጠም ቀላል ነው፣ ቶሎም ይሰለቻል። ከሁለቱ ስንኞች ቢያንስ አንዱን በስም ጨርሱ። (የእኛው ምሳሌ ራሱ በዚህ ይወድቃል፤ ሞክሩና አሻሽሉት።) ሰምና ወርቅ ካልመጣላችሁ አታስገድዱት። በግድ የገባ ኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል) አድማጩን እንቆቅልሽ ፈቺ ያደርገዋል፣ ወላጁንም ያስረሳዋል።

በ40 ወይም በሙት ዓመት የሚነበብ ከሆነ 12 ስንኝ ይበቃል። ቤተሰቡ እንዲወጣ የማይፈልገው ነገር ካለ አስቀድማችሁ አንድ ሰው አስነብቡ። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ፤ ሲቃ የሚይዛችሁን ስንኝ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ እንዲቀጥልላችሁ ሌላ ቅጂ የያዘ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።