ሊትመስ ወረቀት ከሌለ እርድ አለ፦ አሲድና ቤዝን በቤት እንዴት እንለያለን?

ደሴ ያደገ ልጅ ይህን ሳያይ አልቀረም። ነጭ ነጠላ ላይ አልጫ ወጥ ጠብ ይላል። እናት ቶሎ ብላ በሳሙና ስታሸው ቢጫው ባንዴ እንደ ደም ይቀላል። "ውይ፣ ጭራሽ ባሰበት!"

እርድ ውስጥ ኩርኩሚን የሚባል ቀለም አለ። ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲነካው ይቀላል፣ የልብስ ሳሙና ደግሞ ቤዝ ነው። እኔ ስማር ትምህርት ቤታችን ሊትመስ ወረቀት (በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊ የሚሆን መለያ) አልነበረም፤ ሸምድደን ነው ያለፍነው። እናንተ ግን በዓይናችሁ እዩት።

አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሩብ ብርጭቆ የፋርማሲ አልኮል በጥብጡ። ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም አይሟሟም። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከምድጃና ከከሰል ራቁ። ዝቃጩ ሲረጋ ነጭ ሶፍት ንከሩና ጥላ ላይ አድርቁ። ኮምቦልቻ ቶሎ ይደርቃል፤ የደሴ ብርድ ትንሽ ያስጠብቃል።

አሁን ሁለት ማንኪያ የእንጨት አመድ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ይጥለል። አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት አለው፣ ስለዚህ ውሃው ቤዝ ነው። ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ። ከጠለለው ውሃ ወረቀቱ ላይ ጠብ ስታደርጉ ይቀላል።

ሎሚስ? ወረቀቱ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። በንጹሕ ውሃም እንደዚያው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ "እኩል ናቸው ማለት ነው" ይላል። አይደሉም። የሎሚ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበዛል) 2 አካባቢ ነው፣ የንጹሕ ውሃ 7። እያንዳንዱ ቁጥር የ10 እጥፍ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ሎሚ ውስጥ ያለው፣ አሲድነትን የሚሰጠው የሃይድሮጅን አዮን 100,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እርድ የሚቀላው ፒኤች ከ7 አለፍ ሲል ብቻ ስለሆነ ይህን አያሳይም።

አብሽሩ፣ መላ አለው። አንድ ማንኪያ የአመድ ውሃ ላይ ጥቂት የእርድ አልኮል ጨምሩ፤ ይቀላል። ከዚያ ሎሚ በጠብታ እየቆጠራችሁ ጨምሩ። ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቀዩ ወደ ቢጫ ሲመለስ አቁሙና ቁጥሩን ጻፉ። በአቼቶም ድገሙትና አወዳድሩ፤ በጥቂት ጠብታ ቢጫ ያደረገው አሲዱ ይበዛል። መጽሐፉ ታይትሬሽን የሚለው ይኸው ነው።

በረኪናን ግን ከሎሚም ከአቼቶም ጋር በፍጹም አታገናኙ። ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ነጠላውን በደንብ አለቅልቁት፤ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡት። ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል።