እምቢ ያለች የቅኝት መንኮራኩር፦ ችግርና መፍትሄ

በስፔስ ኢንጂነርስ ጌም ትንሽ የቅኝት መንኮራኩር ሠርታችሁ አልታዘዝ ካለቻችሁ፣ ለማፍረስ አትቸኩሉ። ከታች ያሉት ቁጥሮች ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት ማሻሻያ) ላልተጫነበት ጌምና ለትንሹ ግሪድ፣ ማለትም በትናንሽ ብሎኮች ለሚሠራው አካል ናቸው።

ንቅንቅ አትልም

መጀመሪያ ማረፊያ እግሯንና ኮኔክተሯን (ከቤዝ ጋር የምትያያዝበትን ማገናኛ) እዩ። ተቆልፈው ከሆነ ኪቦርዱ ላይ P ተጫኑ። ካልሆነ ባትሪውን ጠርጥሩ። ቤዝ ላይ ቻርጅ ስታደርጉ «ሪቻርጅ» ላይ ትታችሁት ከሆነ ኃይል ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። «አውቶ» ላይ መልሱት።

ፕላኔት ላይ አትነሳም

ወይ ከብዳለች፣ ወይ ትረስተሯ (የሚገፋት ሞተር) የቦታው አይደለም። አንድ ትንሽ የአየር ትረስተር 96 ኪሎኒውተን ይገፋል። ምድርን በመሰለችው ፕላኔት ላይ ይህ 9.8 ቶን ገደማ አየር ላይ ለማቆየት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ለመውጣት ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የህዋ ትረስተር፣ ትንሹ አዮን፣ 14.4 ኪሎኒውተን ነው፤ እሱንም ወፍራም አየር ውስጥ አብዛኛውን ያጣዋል። የአየሩ ትረስተር ደግሞ ህዋ ላይ ዋጋ የለውም። ሃይድሮጅን ሁለቱም ጋ ይሠራል፣ ግን ታንኩ ቦታ ይበላል። እኔ ብሆን መንኮራኩሯ የምትውልበትን ቦታ መርጬ ለዚያ ብቻ እሠራታለሁ።

በጊዜ አትቆምም፣ አለት ትገጫለች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትረስተሩን ሁሉ ከኋላ ይደረድርና ፊት ለፊት አንድ ያደርጋል። የፍጥነት ጣሪያው ግን ለሁሉም በሰከንድ 100 ሜትር ነው፤ ከኋላ ስለደረደራችሁ አያልፍም። ለቅኝት የሚጠቅመው ቶሎ መቆም ነው።

እናስላው። 5 ቶን የምትመዝን መንኮራኩር ህዋ ላይ በሙሉ ፍጥነት እየበረረች በአንድ ትንሽ አዮን ፍሬን ብትይዝ፣ እስክትቆም ከ1,700 ሜትር በላይ ትሄዳለች። በአራት ከሆነ 430 ሜትር ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ከኋላ ካሉት ሁለቱን ነቅላችሁ ወደ ፊት አምጡ። ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋም ይኑር፤ በጎደለው አቅጣጫ ፍሬን የላችሁም። ሁሉም ተሟልቶ አሁንም ከተንሸራተተች፣ ዳምፕነሩ (መሪውን ስትለቁ በራሱ ፍሬን የሚይዘው) ጠፍቶ ይሆናል። ኪቦርዱ ላይ Z ተጫኑ።

በራሷ ትሽከረከራለች

«ትረስተሮቹ ሚዛን ስተው ነው» ብላችሁ አትድከሙ። በዚህ ጌም ግፊቱ የሚያርፈው የክብደቷ ማዕከል ላይ ነው፤ ትረስተር በአንድ ጎን ስለበዛ አትዞርም። ጋይሮው (መንኮራኩሯን የሚያዞራት ብሎክ) ላይ «ኦቨርራይድ»፣ ማለትም ያለ እናንተ ትዕዛዝ የሚያዞራት ቅንብር፣ በርቶ እንደሆነ እዩና አጥፉት። በተቃራኒው መዞር ከከበዳት ጋይሮ ጨምሩ።

የገዛ አካሏን ታቃጥላለች

የትረስተር ነበልባል ከኋላው ያለውን ብሎክ ይጎዳል። መውጫውን ክፍት ተዉት። በተለይ ውበት ተብሎ በኋላ የሚለበደው ጋሻ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

ማዕድን አታሳይም

የትንሽ ግሪድ ዲቴክተር (ማዕድን ጠቋሚ ብሎክ) የሚያየው 50 ሜትር ድረስ ነው። ከሩቅ ሆናችሁ አትጠብቁ፤ አለቱን እየታከካችሁ በዝግታ ዙሩ። ምልክቱ ብቅ ሲል ወዲያው ቦታውን በጌሙ ጂፒኤስ መዝግቡ፤ ራቅ ስትሉ ይጠፋል።