ክረምትን በአዲስ አበባ እምብርት እንዴት እንደሚያሳልፉ፦ ከፍል ውሃ እስከ በቆሎ ጥብስ

ሐምሌ ሲገባ አብዛኞቻችን የዕረፍት ቀናችንን ከብርድ ልብስ ሳንወጣ እናሳልፈዋለን። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድበት ከተማ ስለሆነ አይፈረድብንም። ግን ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ከብርድ ሽሽት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከነፋሻማው እንጦጦ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉት ዘመኑ 1879 ዓ.ም. ነበር። ያ ውሃ ዛሬም መሃል ከተማ ላይ ይፈልቃል። በአጠገቡ በታክሲ ሲመላለስ አድጎ አንድም ቀን ያልታጠበበት የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከፍል ውሃ የሚጀምር፣ ሌላው ሁሉ በእግር የሚደረስበት የአንድ ቀን ውሎ ላሳያችሁ።

ከቤት ሲወጡ

በማለዳ ይውጡ። በክረምት ዶፉ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ለመንገድ ይመቻል። ፎጣ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ጃንጥላና መታወቂያ ይያዙ። ቅያሪ ካልሲ ደግሞ በፌስታል ጠቅልለው ይያዙ፤ አደራ፣ ይህን እንዳይረሱ። ሰውነት ሞቆ እግር ከረጠበ የቀኑ ደስታ እዚያው ያበቃል። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ዳቦ በሻይ ይበቃል። በባዶ ሆድም ሆነ ሆድ እስኪነፋ በልቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት ጥሩ አይደለም።

ፍል ውሃ ሲደርሱ

ቲኬት ቆርጠው ተራ ይጠብቃሉ። ዋጋው እንደ ክፍሉ ስለሚለያይ መስኮቱ ላይ ጠይቀው ይምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ገንዳ ያለው ክፍል ቢይዝ እመክራለሁ፤ ሻወርስ በቤትዎም አለ። ቅዳሜና እሁድ ወረፋው ስለሚረዝም የሥራ ቀን ከተመቸዎት እሱን ይምረጡ።

ገንዳውን ሲሞሉ አይቸኩሉ። ሙቁንና ቀዝቃዛውን እያመጣጠኑ፣ እናቶች የሕፃን ገላ ከማጠባቸው በፊት እንደሚያደርጉት በክርንዎ ይሞክሩት። ክርን ከቻለው ገላ ይችለዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ቁጭ ይበሉ። የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ውጭ የሚያካፋው ዝናብ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ይህ ውሃ በአንድ ወቅት ራሱ ዝናብ ነበር። በዓለት ስንጥቅ ሰርጎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የምድር ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ግሎ ተመልሶ ይወጣል። እኔ በክረምት እዚያ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፌ የጣራውን ቆርቆሮ የሚመታውን ዝናብ ስሰማ፣ የሚወርደውና የታቀፈኝ አንድ መሆናቸውን እያሰብኩ ደስ ይለኛል።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ ድንገት ብድግ ካሉ ራስዎን ሊያዞርዎት ይችላል። የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው ይነሡ፤ ትንሽ ይቀመጡ፤ ውሃ ይጠጡ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። ፍል ውሃ የደከመ ወገብን ያፍታታል፤ የታዘዘ መድኃኒትን ግን አይተካም።

ከመውጣትዎ በፊት ፀጉርዎን በደንብ ያድርቁ። እናቴ ከፍል ውሃ ስትወጣ ራሷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ላቧ እስኪደርቅ በረንዳው ላይ ሳትቀመጥ መንገድ አትጀምርም ነበር። እኔም እንደሷ አደርጋለሁ።

ዝናቡ ሲጠነክር

እዚያው አካባቢ ወመዘክር አለ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪና ለተመራማሪ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መታወቂያዎን አሳይተው ይግቡና የተወለዱበትን ወር አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይጠይቁ። ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ ለአያትዎም ጭምር መፈለግ ይችላሉ። ዜናውን ቶሎ ይለፉትና ማስታወቂያዎቹ ላይ ይቆዩ፤ የጠፋ ማኅተም፣ የሚሸጥ ቤት፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ። ወረቀቱ ያረጀና በቀላሉ የሚቀደድ ስለሆነ ገጹን ከላይኛው ጥግ ይዘው በእርጋታ ይግለጡት። የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ግን አስቀድመው ያጣሩ።

ወደ ማታ

ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይውረዱ። ግንባታው በጣሊያን ዘመን ለሲኒማ ተጀምሮ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ቴአትር ሆኖ ተመርቋል። ደጁ ላይ ያለው የድንጋይ አንበሳም የዚያው ዘመን ነው። የሳምንቱን ቴአትር ከተለጠፈው ፖስተር አይተው ቲኬት ይቁረጡ። በክረምት ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ መሳቅ ብርድን ያስረሳል።

ሲወጡ ካፊያ ካለ የከሰል ጭስ ይፈልጉ፤ በቆሎ ጠባሿ በጃንጥላዋ ሥር ምድጃዋን እያራገበች አትጠፋም። ከመጠበሱ በፊት አንዷን ፍሬ በጥፍርዎ ጫን ያድርጉ። ወተት ካወጣች እሸት ናት፤ ከደረቀች ሌላ ይምረጡ። ፍሬው ጣ ጣ ማለት ሲጀምርና ጎኑ ጠቆር ጠቆር ሲል በሽፋኑ ጠቅልላ እንድትሰጥዎት ይንገሯት፤ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ እጅዎን ያሞቅልዎታል።