አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በግቢ ጉባኤ ለመቀበል

በደሴና በኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አዲስ ተማሪዎችን የምትቀበሉ የግቢ ጉባኤ (የኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች መንፈሳዊ ኅብረት) አባላት፣ ሥራችሁን ከስብከት ሳይሆን ሻንጣ ከመሸከም ጀምሩ፤ መኝታ ክፍሉን ያሳየው፣ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መንገድ የመራው ሰው ለእንግዳው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ይሆናልና። በወሎ ልማድ የሙስሊም ጓደኞቻችሁም በአቀባበሉ አብረው ቢያግዟችሁ ደስታው ይበዛል። የንስሐ አባት የሌለውን ከካህን ጋር አገናኙ፤ በጉባኤው የሚያገለግልበትን የአገልግሎት ክፍል ግን ራሱ ይምረጥ።

ከዚያ በኋላ የሐይቅ እስጢፋኖስን ጉዞ አዘጋጁ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘውን ይህን ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል አድርገውት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ከሩቅ የመጡ ደቀ መዛሙርትን ተቀብለው ስላስተማሩበት፣ ከቤቱ ርቆ ለመጣ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። ታሪኩን በጉዞው ዋዜማ ተርኩላቸው። ወደ ወንዶች ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ፣ ይህን ለእኅቶች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በሐይቁ ዳር ለሚቆዩበት ጊዜም መምህር መድቡላቸው።