ነባር የጃዝ ባንድ ሲጫወት እንዴት ይደመጣል?

ደች ስዊንግ ኮሌጅ ባንድ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1945፣ ኔዘርላንድ ከናዚ ጀርመን ወረራ ነጻ በወጣችበት ዕለት፣ በሄግ ከተማ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን የሚጫወቱት ፒተር ስኺልፐሮርት በ1955 ወደ ምህንድስና ሙያቸው ቢመለሱም ጥቂት ዓመታት ቆይተው እንደገና ባንዱን ተቀላቀሉ፤ በ1990 እስኪሞቱም ድረስ መሩት። ከእሳቸው በኋላ መሪነቱን ክላርኔቲስቱ ቦብ ካፐር ተረከቡ። ተጫዋቾቹ በየትውልዱ ሲቀያየሩ ሳይለወጥ የቆየው፣ የጃዝ መነሻ ከሆነችው የአሜሪካ ከተማ ከኒው ኦርሊንስ የተወረሰው የሥራ ክፍፍል ነው፤ ይህን ክፍፍል ለይቶ መስማት የቻለ ሰው ሙዚቃው ያለ አስረጂ ይገባዋል።

የእኛን ጆሮ መጀመሪያ ላይ የሚያስቸግረው ነገር አለ። በባህላዊ ሙዚቃችን ክራሩ፣ ማሲንቆውና ዋሽንቱ በአብዛኛው አንዱን ዜማ ይዘው፣ እያንዳንዱ በራሱ ጌጥ እያስዋበው አብረው ይጓዛሉ። በኒው ኦርሊንስ ጃዝ ግን ከፊት የሚቆሙት ሦስቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚናገሩ፣ ላልለመደው ሰው ጫጫታ ይመስላል። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመስማት አለመሞከር ነው።

ዘፈኑ የተሠራበት ተደጋጋሚ ክፍል አንድ ጊዜ ተጫውቶ ሲያበቃ አንድ ዙር ይባላል። በመጀመሪያው ዙር ትራምፔቱን ብቻ ይከተሉ፤ ዜማውን የሚይዘው እሱ ነውና። ዙሩ ሲደገም ትራምፔቱን ትተው ወደ ክላርኔቱ ይሂዱ፦ ከዜማው በላይ ወጥቶ፣ ትራምፔቱ ትንፋሽ በሚወስድባቸው ክፍተቶች ውስጥ በፈጣን ድምፆች ሲሽሎከሎክ ያገኙታል። በሦስተኛው ዙር ትሮምቦኑን ይያዙ። እሱ ከታች ሆኖ፣ በሚንሸራተተው ቱቦው ድምፁን እየጎተተ፣ ከአንዱ የስምምነት መደብ (ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ወደ ሌላው የሚደረገውን ሽግግር ያበስራል። ድሮ በኒው ኦርሊንስ ባንዶች በጋሪ ላይ ሆነው ሲዞሩ፣ ቱቦው ሰው እንዳይመታ ትሮምቦኒስቱ ከኋላ ጫፍ ይቀመጥ ነበር ይባላል። እኔም አንድ ምሽት የፊተኛውን ወንበር መርጬ፣ ትሮምቦኑ ትይዩ ተቀምጬ፣ ክላርኔቱን ሳልሰማው ወጥቻለሁና፣ መሀል ያለ መቀመጫ ቢመርጡ ይሻላል።

ቀጥሎ መቁጠር ይልመዱ። ከጃዝ ምንጮች አንዱ የሆነው የብሉዝ አንድ ዙር 12 ባር (እኩል የምት ክፍል) ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባር 4 ምት ስላለው በድምሩ 48 ምት ይሆናል። ባሩ እንዳይጠፋዎት በየባሩ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ይለውጡ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያሉ በእግርዎ ይምቱ። አምስተኛው ባር ላይ ሲደርሱ ባንጆውና ቤዙ መደቡን ሲቀይሩት፣ ከእግር በታች ያለው ወለል የተንቀሳቀሰ ያህል ይሰማዎታል። በሰባተኛው ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ መነሻው መደብ፣ ይመለሳል፤ በዘጠነኛው ውጥረቱ ይበረታል፤ በአስራ አንደኛው ይረግባል። ቆጠራው ከጠፋብዎት አያሳድዱት፤ አዲሱ ዙር ሲጀምር ጠብቀው ይግቡ። ሁሉም ዘፈን በ12 ባር አይሠራም፤ 16 እና 32 ባር ያላቸውም ብዙ ናቸው።

ከሦስቱ የጋራ ጨዋታ በኋላ ሶሎ፣ ማለትም አንድ ተጫዋች ጎልቶ የሚወጣበት ክፍል፣ ይከተላል። በዚህ ጊዜም ቆጠራውን አይተዉ፤ ተጫዋቹ የሚፈጥረው አዲስ ዜማ የሚቆመው በዚያው መደብ ላይ ነው። አንዳንዴ ባንዱ በሙሉ ለሁለት ባር ጸጥ ይልና አንድ መሣሪያ ብቻውን ይቀራል፤ ዝምታው የተሳካ የሚሆነው ሁሉም በልቡ ስለሚቆጥር ነው። ሶሎው ሲያልቅ፣ ሙዚቃው ሳይቆም ማጨብጨብ በጃዝ ዘንድ ነውር አይደለም።

ቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው የኒው ኦርሊንሱን ኮርኔት ተጫዋች የኪንግ ኦሊቨርን ባንድ የ1923 (እ.ኤ.አ.) ቅጂዎች ቢሰማ ይጠቀማል። ማይክሮፎን ሳይኖር፣ ድምፅ በሚሰበስብ የቀንድ ቅርጽ ባለው ትልቅ መቅጃ ብቻ የተቀዱ በመሆናቸው ቤዝና ድራም እንደልብ አይሰሙባቸውም። የአውሮፓ ባንዶች ይህን ሙዚቃ በአብዛኛው ከሸክላ ስለተማሩት፣ በአዳራሽ ውስጥ ምቱን እንዴት እንደሞሉት ማነጻጸር ያስደስታል።

የመጨረሻው ዙር በሙሉ ኃይል ተጫውቶ ሲቆም ኮትዎን ለማንሣት አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ድራሙ ብቻውን 4 ባር ይመታል፤ ከዚያ ባንዱ ተመልሶ የመጨረሻዎቹን 8 ባሮች ይደግማቸዋል።